ጥቁሩ የሚያልቅበት መስመር

(በወረታ ለተማሪዎች፣ ለመምህራን፣ ለጋራዥና ለማስታወቂያ ባለሙያዎች የተዘጋጀ ዲስኩር)



የዛሬው ጉዳያችን ሮኬት ነው። ሞተሩንና ነዳጁን ግን አልነካም። ባሩድ ሞልቶ የሚተኮስ ነገር እንድትሠሩም አልመክርም፤ ጣትም ዓይንም አንዴ ከሄደ አይመለስም። የማወራው ጠረጴዛ ላይ ስለሚቆም፣ በልኩ ተቀንሶ ስለሚሠራ ሞዴል ነው። ከሞዴሉም ውስጥ ስለ አንድ ነገር ብቻ፤ ነጩ ገላ ላይ ጥቁሩና ቀዩ ምልክት ጠርዙ ሳይደማ እንዴት እንደሚያርፍ።

«ሩዛችንን ትተን የሮኬት ቀለም?» የሚል አይጠፋም። ለእሱ የምነግረው አለኝ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ቻይና ውስጥ ከታይዩዋን ማስወንጨፊያ ጣቢያ የተነሣው ሎንግ ማርች 4ቢ ሮኬት ኢቲአርኤስኤስ 1ን ይዞ ነበር፤ የኢትዮጵያን የመጀመሪያ ሳተላይት። ክብደቷ 70 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ አንድ ኩንታል ሩዝ አታክልም። የዚያን ቀን የሮኬቱ ዋና ጭነት ቻይናና ብራዚል በጋራ የሠሩት ሳተላይት ነበር፤ የእኛዋ አብራ ተሳፈረች። በዓመቱ፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ሁለተኛዋ ከዌንቻንግ በሎንግ ማርች 8 ሄደች፤ ለሮኬቱም የመጀመሪያ በረራው ነበር። እንግዲህ የእኛን ዕቃ ተሸክመው የወጡ ሮኬቶች አሉ። መልካቸውን በትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ማቆም ቅንጦት አይመስለኝም።

ደግሞም ኢቲአርኤስኤስ 1 የተላከችው እንደ ፎገራችን ያለውን ሜዳ እንድታይ ነው። እርሻን፣ ደንንና ውኃን ከላይ ሆኖ መለየት በመሠረቱ የቀለም ሥራ ነው። ለምለም ሩዝ ለዓይናችን አረንጓዴ ብቻ ይመስላል፤ ዓይናችን የማያየውን፣ ከቀይ ቀጥሎ ያለውን ብርሃን ግን አጥብቆ ይመልሳል። ውኃ ያንኑ ብርሃን ስለሚውጠው በምስሉ ላይ ይጠቁራል። ርብና ጉማራ ወንዞች በክረምት ሞልተው ሜዳው ላይ ሲተኙ ጎርፉ የት እንደደረሰ የሚለየው በዚህ ነው። ችግሩ ሩዙ ገና ሳይሸፍነው ውኃ የቋጠረ ማሳም መጥቆሩ ነው፤ የጎርፉንና የማሳውን ጥቁር የሚለይ የፎገራ ገበሬ ነው። ደመና ካለም ካሜራው የሚያየው ደመናውን ብቻ ነው፤ ክረምታችንን ደግሞ ታውቁታላችሁ።

ሞዴል ለምን ይጠቅማል ለሚለኝም ሩቅ አልሄድም። ከዚህ ተነሥታችሁ ወደ ደብረ ታቦር ብትወጡ ጋፋት አለ፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩበት። መድፉ በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ወጥቷል፤ ዛሬም እዚያው ነው። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ቆሞ በየቀኑ ስንትና ስንት ሰው የሚያየው ቅጂው ነው። ወደ መቅደላ የማይወጣ ሰው ነገሩን በቅጂው ያውቀዋል። ታይዩዋንም ከወረታ ያው ነው፤ ማናችንም ደርሰን አናየውም። ቅጂ ዋናውን ተክቶ የሚቆም ከሆነ ግን የሠሪው ኃላፊነት ይከብዳል። ያሳሳተውን ሁሉ ተመልካቹ እውነት ነው ብሎ ይዞት ይሄዳል።

ወደ ምልክቱ ልግባ። ሮኬት ላይ የምታዩት ጥቁርና ነጭ ብዙ ጊዜ ለውበት የተቀባ አይደለም። ጀርመኖች ቪ 2 የተባለውን ሮኬት እ.ኤ.አ. በ1942 ፔነሙንደ ላይ ሲሞክሩ ገላውን በጥቁርና በነጭ ከፋፍለውት ነበር። ሮኬት ሲነሣ በራሱ ዙሪያ ሊዞር ይችላል። ድፍን ነጭ የሆነ ድብልብል ነገር ደግሞ ይዙር አይዙር በፊልም ላይ አያስታውቅም። አንዱ ጎን ጥቁር፣ ጎረቤቱ ነጭ ከሆነ ግን ፊልሙን ምስል በምስል እያስኬዱ በሰከንድ ምን ያህል እንደዞረ ማስላት ይቻላል። ቀለሙ መለኪያ ነው ማለት ነው። ያው ሮኬት ለጦርነት ሲሰማራ መለካቱ ቀርቶ መደበቁ መጣና የመሸሸጊያ ቀለም ተቀባ።

ሰዎችን ጨረቃ ያደረሰው ሳተርን 5 ላይ ያሉት ጥቁር ቁራጮችም ሥራቸው ይኸው ነው። ስለ እሱ ሞዴል ሠሪ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1966 የማስነሻውን ሥፍራ ለመፈተሽ 500ኤፍ የተባለ፣ እንዲበር ያልተሠራ ሳተርን ፍሎሪዳ ላይ ቆሞ ነበር። በመጀመሪያው ደረጃ፣ በሁለቱ ታንኮች መካከል ያለው ክፍል ላይ ጥቁር ነበረበት። ጥቁር ቀለም ፀሐይን ይስባል፤ ክፍሉ ከሚገባው በላይ ሞቀ። ስለዚህ በበረሩት ሮኬቶች ላይ ያ ሥፍራ ነጭ ሆነ። የሞዴል ፋብሪካዎች ግን የቆመውን አይተው ሳጥናቸውን አትመው ጨርሰው ነበር። በመላው ዓለም ስንቱ ሰው አፖሎ 11ን ሠራሁ ብሎ ያልበረረውን ቀለም በመደርደሪያው ላይ አስቀምጧል! ከሳጥኑ ሥዕል ይልቅ የበረራውን ዕለት ፎቶ እመኑ የምለው ለዚህ ነው።

ቀለም ክብደትም አለው። የአሜሪካው የጠፈር መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ1981 ባደረጋቸው ሁለት በረራዎች ትልቁ የውጭ ታንኩ ነጭ ነበር። ከሦስተኛው በረራ ጀምሮ ቀለሙ ቀረና ታንኩ ብርቱካንማ ሆኖ ታየ፤ 270 ኪሎ ገደማ ተቀነሰለት። በእኛ ሳተላይት ብትመነዝሩት አራት ኢቲአርኤስኤስ 1 ለመሙላት ጥቂት ነው የሚቀረው።

አሁን ወደ እጅ ሥራው። ሎንግ ማርች 4ቢ የወገቡ ስፋት 3.35 ሜትር ነው፤ ቁመቱ ወደ 46 ሜትር ይጠጋል። የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ ገብታችሁ የውጭ ስፋቱ 75 ሚሊ ሜትር የሆነ የፒቪሲ ቱቦ ብትገዙ ሮኬቱን 45 ጊዜ ገደማ አሳንሳችሁታል ማለት ነው። ቁመቱም አንድ ሜትር ከ3 ሳንቲ ሜትር ይመጣል። ሦስተኛው ደረጃ ቀጠን ይላል፤ ስፋቱ 2.9 ሜትር ስለሆነ 65 ሚሊ ሜትር ይፈልጋል፤ 63ቱ ቱቦ ይጠጋዋል፤ ሁለቷን ሚሊ ሜትር ወረቀት ጠቅልላችሁ ትሞሏታላችሁ። በዚያው በ75ቱ ቱቦ ሳተርን 5ን ልሥራ የሚል ካለ 110.6 ሜትሩ ወደ 82 ሳንቲ ሜትር ይወርድለታል።

ይህን ስሌት ያመጣሁት ለቱቦው ግዢ ብቻ አይደለም። በሎንግ ማርቹ ሞዴል ላይ አንድ ሚሊ ሜትር የሾለከ ቀለም በእውነተኛው ሮኬት ላይ አራት ሳንቲ ሜትር ተኩል ነው። በሳተርኑ ላይ አሥራ ሦስት ሳንቲ ሜትር ተኩል ይሆናል። በግድግዳ ቀለም ማንም የማያየው መንሻፈፍ እዚህ ላይ የአንድ ሰው መዳፍ ያህል ስፋት አለው።

ዝግጅቱን ጋራዦቹ ከእኔ በላይ ስለምታውቁት አላንዛዛም። ቱቦው ላይ የታተመው ጽሑፍ እስኪጠፋና ብልጭታው እስኪሞት በቁጥር 400 ብርጭቆ ወረቀት በውኃ ይፈተጋል፤ በሳሙና ይታጠባል፤ ጭረት ካለ ስቱኮ ይደፈንበታል፤ ከዚያ ፕራይመር፣ ከዚያ ነጭ። ነጩ የሚቀድመው በምክንያት ነው። ጥቁር ነጭን በአንድ ስስ ዙር ይሸፍነዋል፤ ነጭ ጥቁርን ለመሸፈን አራትና አምስት ዙር ይፈልጋል፤ ያ ሁሉ ቀለም ደግሞ ጠርዙ ላይ ደረጃ ሠርቶ ይቀራል። አንድ ነገር ግን ለተማሪዎቹ ልንገር፦ የዘይት ቀለም በተቀባ ነገር ላይ ኒትሮ ቀለም አትርጩ። የኒትሮው ቲነር ከታች ያለውን ቀለም ያነሣውና እንደ ፈላ ወተት ቆዳ ይሸበሽበዋል። ወይ ሁሉም ኒትሮ ይሁን፣ ወይ ሁሉም ዘይት።

ነጩ ደርቋል እንበል። አሁን መስመር ማውጣት ነው። ድብልብል ነገር ላይ በማስመሪያ ቀጥ ያለ መስመር ማውጣት አይቻልም፤ ማስመሪያው ይንሸራተታል። ለዙሪያው መስመር ጠርዙ ቀጥ ያለ ረጅም ወረቀት ውሰዱና ቱቦውን ጠምጥሙበት። ወረቀቱ ዞሮ ሲመጣ ጠርዙ ራሱ ጠርዝ ላይ ልክ ካረፈ ቀለበታችሁ ቀጥ ብሏል፤ ካላረፈ ጠመዝማዛ ነው፤ ፍቱትና እንደገና ጠምጥሙ። ያው ወረቀት ሁለተኛ ሥራም አለው። የተደራረበበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጉና ፍቱት፤ የዙሪያውን ርዝመት አገኛችሁ፤ በ75ቱ ቱቦ 235 ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ያንን ርዝመት ሁለት ጊዜ እጠፉት። እጥፋቶቹ አራቱን ጎኖች ይሰጧችኋል፤ ቁጥር የማይወድ ልጅም ይችለዋል። ስምንት ከፈለጋችሁ አንድ ጊዜ ጨምራችሁ እጠፉ።

ለቋሚው መስመር ከብረታ ብረት ቤት ቁራጭ አንግል ብረት ለምኑ። አንግሉን ገልብጣችሁ ቱቦው ላይ ስታስቀምጡት ሁለቱ ክንፎቹ ቱቦውን አቅፈው በራሱ ይተኛል፤ ጠርዙን ተከትላችሁ እርሳስ ብትስቡ መስመሩ ከላይ እስከ ታች ወዲያና ወዲህ አይልም። የብራና ጸሐፊ ቀለም ከመንከሩ በፊት ዳር ዳሩን በወስፌ ወግቶ መስመሩን እንደሚያሰምረው ነው፤ መስመሩ ከተበላሸ የፊደሉ ውበት አያድነውም። እርሳሳችሁም ሳይጫን ይለፍ፤ ተጭኖ የተሰመረ እርሳስ ነጩ ላይ እየታየ ይኖራል።

ቀጥሎ ማስኪንግ፣ የወረቀቱ ፕላስተር። ለእኔ የሥራው ልብ እዚህ ነው። ቀለም መርጨት የደቂቃ ነገር ነው፤ መሸፈን ግን ግማሽ ቀን ይወስዳል፤ ግማሽ ቀኑን የቆጠበ ሰው ሦስት ቀን ሲያራግፍ ይውላል። ከሱቅ የሚመጣው ጥቅል ጠርዙ አቧራ የያዘና በጥቂቱ የተቦጫጨቀ ነው። እንደመጣ አትለጥፉት። ንጹሕ መስታወት ላይ ለጥፉት፤ የብረት ማስመሪያ አስደግፋችሁ በአዲስ ምላጭ ከጠርዙ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ቆርጣችሁ ጣሉ። አሁን ያላችሁ ጠርዝ ምላጭ የሠራው ነው። መስታወቱ የፕላስተሩን ሙጫም ትንሽ ስለሚያደክመው፣ ስታነሡት ነጩን ይዞ አይመጣም።

ስትለጥፉ አትሳቡት። ተለጥጦ የተለጠፈ ፕላስተር በሌሊት ተመልሶ ይሰበሰባል፤ ጠዋት መስመሩ ሌላ ቦታ ነው። ጠርዙን ብቻ በጥፍራችሁ ጀርባ አስኪዱበት፤ መካከሉን መጫን ጥቅም የለውም። የቀረውን ገላ በጋዜጣ ወይም በፌስታል ሸፍኑ፤ መጋጠሚያውን ሁሉ በፕላስተር ዝጉ። የሚረጭ ቀለም ቀዳዳ አያጣም፤ ከኋላ በኩል ዞሮ ነጩ ላይ ጭጋግ ይጥላል።

ጥቁሩን ከመርጨታችሁ በፊት ደግሞ አንድ ዙር ነጭ እርጩ። አዎ፣ ነጭ! በነጭ ላይ ነጭ ምን ይሠራል ትሉኛላችሁ። ፕላስተሩ የቱንም ያህል ቢጫን ከሥሩ በዓይን የማይታይ ክፍተት ይቀራል፤ ቀጭን ክፍተት ፈሳሽን ራሱ ስቦ ያስገባል፤ በቀለሙ ጠርዝ ላይ የምናየው የሸረሪት እግር የሚመጣው ከዚያ ነው። መጀመሪያ ነጩን ከረጫችሁ ክፍተቱ የሚጠጣው ነጭ ነው። ነጭ ከነጭ ጋር አይለይም፤ ደርቆም በሩን ይዘጋል። ከዚያ የሚመጣው ጥቁር መግቢያ አያገኝም። የሚቀጥለው ቀለም ቀይ ቢሆንም ሕጉ ያው ነው፤ ቀድሞ የሚረጨው ከሥር ያለው ቀለም ነው።

ጥቁሩን ስስ አድርጋችሁ፣ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ርቃችሁ፣ እጃችሁን ሳታቆሙ እርጩ። የመጀመሪያው ዙር ነጩን ካልሸፈነው አትደንግጡ፤ መሸፈንም የለበትም። ፕላስተሩ የሚነሣው ጥቁሩ በእጅ ሲነካ የማይለጠፍ፣ ግን ገና ድርቅ ያላለ ሲሆን ነው። ሙሉ በሙሉ ከደረቀ ቀለሙ ፕላስተሩና ገላው ላይ እንደ አንድ ቆዳ ስለሚያያዝ ሲነሣ ይሰነጠቃል። ወደ ላይ አትጎትቱት። በራሱ ላይ መልሳችሁ እጠፉትና ከጥቁሩ እየራቃችሁ በዝግታ ሳቡ።

አየሩንም መስማት ያስፈልጋል፤ የፎገራ አየር ደግሞ ሁለት ፊት አለው። በክረምት ኒትሮ ስትረጩ ቲነሩ በፍጥነት ይተንና ገላውን ያቀዘቅዘዋል። በቀዘቀዘው ገላ ላይ የአየሩ እርጥበት ጤዛ ሆኖ ያርፋል፤ ጥቁሩም አመድ የለበሰ ይመስላል። ጋራዦች ዝናብ ባዘለ ቀን መኪና ቀለም የማይቀቡት ለዚህ ነው። በጋው ሲመጣ እርጥበቱ ይቀርና አቧራው ይተካል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሩዝ ሲወቃና መፈልፈያዎቹ ሲያጓሩ ደቃቁ ገለባ አየር ላይ ነው፤ ያልደረቀ ቀለም ይወዳል። መፍትሔው ጠዋት፣ ንፋስ ሳይነሣ፣ ወለሉን ውኃ አርከፍክፎ መሥራት ነው። ክፍሉ አየር ይግባበት፤ አፍና አፍንጫ ይሸፈን፤ ከሰል የተያያዘበት ቤት ውስጥ ደግሞ ቲነር አይከፈትም። ቡናው ውጭ ይፈላ።

ፊደሉ ቀረ። ቻይናውያን በሮኬቶቻቸው ገላ ላይ ጽሑፋቸውን ከላይ ወደ ታች ቁልቁል ይጽፋሉ፤ ሰንደቃቸውንም ያደርጉበታል። እዚህ ላይ የማስታወቂያ ባለሙያዎቹ ከማንኛችንም ትበልጣላችሁ። የሮኬቱን ፎቶ በልኩ አሳትማችሁ ስቲከር በሚቆርጠው ማሽን ፊደሉን አስቆርጡ። ፊደሉን ሳይሆን በፊደሉ ዙሪያ ያለውን ተጠቀሙ፤ ክፍት የሆነውን ቅርጽ ገላው ላይ ለጥፋችሁ ቀለሙን በውስጡ ትረጫላችሁ። ስቲከሩን ራሱን ለጥፎ መተው ይቀላል፤ ግን ውፍረቱ ጥላ ይጥላል፤ በ45 ጊዜ ያነሰ ሮኬት ላይ ፊደሉ ቆርቆሮ የተመታበት ይመስላል። ማሽን ከሌለ ምላጭና ትዕግሥት ያላት ልጅ ትበቃለች። ቻይንኛ አላነብም ብላችሁ ደግሞ መስመር እየጣላችሁ አትቁረጡ። አንድ ጭረት ቢጎድል ሌላ ቃል ሊሆን ይችላል፤ ሀ ላይ ምልክት ቢጨመር ሀ እንደማይሆን እናውቃለንና።

ስለ ሰንደቅ ዓላማም አንድ ነገር ልበል፤ ይህን ስል የሚከፋው ሊኖር ይችላል። አፍንጫው ላይ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ የመቀባት ፍላጎት እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ለእኔም ይመጣል። በፎቶው ላይ ያላያችሁትን ግን አትቀቡ። ሳተላይቷ የእኛ ናት፤ ሮኬቱ የቻይና ነው፤ ሞዴሉ ይህንኑ ይናገር። ሰንደቃችንን መቆሚያው እንጨት ላይ፣ ከሳተላይቷ ስምና ከተነሣችበት ቀን ጋር አድርጉት፤ ቦታው እዚያ ነው፤ ማንንም አያሳስትም። የራሳችንን ሮኬት ስንሠራ ከታች እስከ ላይ ብንቀባው የሚከለክለን የለም።

በመጨረሻ ሁሉም ከደረቀ በኋላ ብልጭታውን እኩል የሚያደርግ ስስ ቫርኒሽ ይለብሳል፤ መጀመሪያ ግን በቁራጭ ቱቦ ላይ ሞክሩት፤ አንዳንዱ ቫርኒሽ ቀዩን ያሟሟውና ነጩ ላይ ሮዝ ያፈስሳል። ሞዴሉን ደግሞ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚመታው መስኮት አጠገብ አታቁሙ። ፒቪሲ ሲሞቅ ይለሰልሳል፤ ረጅም ቱቦ ቀስ በቀስ ይጎብጣል።

ከኋላ ጠረጴዛው ላይ 20 ሳንቲ ሜትር እየሆነ የተቆረጠ ቱቦ ተደርድሯል፤ ነጩ ደርቋል። መስታወትና ምላጩ እዚያው አለ። አንድ አንድ እየወሰዳችሁ ከቀለበቱ ጀምሩ፤ አራቱን ቋሚ መስመሮች ስትጨርሱ የጋራዥ ባለሙያዎቹ ጠርዛችሁን ያዩላችኋል። ነጩን ዙር በረንዳ ላይ እንረጫለን፤ ሲደርቅ ጥቁሩን።